የበረንዳ ፋኖስ ስትገዙ መጀመሪያ "እስቲ ክፈትልኝ" በሉ

ለአሮጌ ቤት የውጪ መብራት ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ መጀመሪያ የሚያደርገው ሶኬት ላይ ሰክቶ ማብራት ነው፣ ሲበራ ደሞ ሁሉም ያምራል። እኔ የምላችሁ ከማብራቱ በፊት "እስቲ ክፈትልኝ" በሉት። መስታወቱ እንዴት ነው የሚወጣው፣ አምፖሉ በእጅ ይቀየራል ወይ፣ ብሎኖቹ ከምንድነው የተሠሩት፣ ዝናብ ቢገባበት ውሃው በየት በኩል ይወጣል? እነዚህን ከፍቶ ያላሳያችሁ መብራት ምንም ያህል ቢያምር ለኛ ዓይነት በረንዳ አይሆንም። ምክንያቱም የውጪ መብራት የሚያረጀው በመብራቱ አይደለም፣ በአቧራው በዝናቡና በነፍሳቱ ነው፣ ስለዚ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ካልፀዳ ከሁለት ክረምት በኋላ ውስጡ የሞተ ዝንብ የሞላበት ቢጫ ሳጥን ሆኖ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ስንት በር ላይ እንደዚ የቀረ አይታችኋል።

የኛ ቤት ፒያሳ አካባቢ ከቀሩት የጭቃ ቤቶች አንዱ ነው። ከፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ አለው፣ ቋሚዎቹ ጥድ ናቸው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ የጣራው ጠርዝ ላይ ደሞ ያ የድሮ አናጢዎች በመጋዝ ፈልፍለው የሚያወጡት ጥልፍ የመሰለ የእንጨት ጌጥ አለ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ሰፈሩ ውስጥ የነበሩ ብዙ እንደዚ ዓይነት ቤቶች ፈርሰዋል፣ ስለዚ የቀሩት ላይ የምናደርገው ነገር ሁሉ ከበፊቱ በላይ ያሳስበኛል፣ መብራትም ቢሆን። በትክክል የተመረጠ አንድ መብራት የቤቱን ፊት በማታ ያሳያል፣ በስህተት የተመረጠ ደሞ በቀን የሚታየውን ውበት በማታ ያጠፋዋል። ጥሩ የድሮ በረንዳ ማየት የምትፈልጉ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት ሄዳችሁ እዩ፣ አሁን የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን ማለቴ ነው፣ የበረንዳውን ስፋትና የቋሚዎቹን ቁመት አይታችሁ ስትመለሱ ለናንተ ቤት ምን ያህል መብራት እንደሚበቃ ዓይናችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

እነዚህ ቤቶች ሲሠሩ የታሰበው ለኩራዝና ለፋኖስ ብርሃን ነው። ኤሌክትሪክ 1890 ዓ.ም. ገደማ ቤተ መንግሥት ቢገባም ተራው ሰው ቤት እስኪደርስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ስለዚ ግድግዳው፣ እንጨቱ፣ የበሩ ቀለም ሁሉ ለቢጫና ለዝቅተኛ ብርሃን የተስማማ ነው፣ እዛ ላይ ያንን ሰማያዊ የሚመስል ነጭ አምፖል ስትሰኩበት ጥዱ አመድ ይመስላል፣ ክሬም ቀለም ያለው ግድግዳ ደሞ ሆስፒታል ኮሪደር ይሆናል። አምፖሉ ካርቶን ላይ ኬ የምትል ፊደል አጠገብ ያለውን ቁጥር አንብቡ፣ 6500 ካለ ያ ነጩ ነው ተዉት፣ የምትፈልጉት 2700 ቢበዛ 3000 ነው። ብዙ ሱቅ "ዋርም" ብትሉ ይገባቸዋል ግን ቁጥሩን ራሳችሁ እዩ።

ሌላ ጥቅምም አለው። ቢጫው ብርሃን ከነጩ ያነሰ ነፍሳት ነው የሚስበው። ሚያዝያ ግንቦት ላይ ዝናብ ዘንቦ ሲያበቃ ማታ አሸን የሚወጣበት ጊዜ ነጭ መብራት ያለው በር ስር ጠዋት የሚጠረገውን ክንፍ አስቡት፣ እዛ መብራት ውስጥ የገባውን ደሞ ማንም አይጠርገውም። ቢጫ መብራት ጨርሶ አያስቀረውም ግን ልዩነቱ በግልፅ ይታያል። በነዚያ ማታዎች ለአንድ ሰዓት አጥፍቶ መቀመጥም ይቻላል።

የብርሃኑ መጠን ላይ ሰዎች በጣም ያበዙታል። ለአንድ በረንዳ 5 ዋት ኤልኢዲ በቂ ነው፣ ከ400 እስከ 500 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል፣ ያ ማለት የድሮው 40 ዋት አምፖል ያህል ማለት ነው። መንገዱ አሁን እንደምታውቁት በጣም ደምቋል፣ በሱ ልክ ልወዳደር ብላችሁ 20 ዋት ብትሰቅሉ የጎረቤት መኝታ ቤት ነው የምታበሩት፣ እናንተም ከበሩ ስትወጡ ዓይናችሁ ይጨልምና ደረጃውን አታዩትም። እናቴ ኪዳን ለማድረስ ገና ሳይነጋ ወደ ጊዮርጊስ ስትወጣ የሚያስፈልጋት የደረጃውን ጠርዝ ማየት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ስለዚ መብራቱን ኮርኒስ መሃል አትስቀሉት፣ ከበሩ ጎን አድርጉት፣ ከዓይን ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 አካባቢ፣ ብርሃኑ ወደ ታችና ወደ ጎን እንዲወርድ። የፋኖሱ ቁመት የበሩን ሩብ ቢያክል ደህና ነው፣ ከዛ ያነሰ ከመንገድ ሲታይ መጫወቻ ይመስላል፣ የበረንዳው ጣራ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን ከሩብም ቀንሱት፣ ሰው ትከሻው እንዳይነካው።

አሁን ወደ ዕቃው ልምጣ፣ ብዙ የማወራው እዚ ላይ ነው።

ገበያ ላይ በብዛት ያለው ከውጪ የሚመጣ ጥቁር ወይ ወርቃማ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ራሱ መጥፎ አይደለም፣ እንደ ላሜራ አይበሰብስም፣ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይሻላል። ችግሩ ብሎኑ ነው። ቀፎው አሉሚኒየም ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት ከሆነ ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኛቸው እርስ በርስ ይበላላሉ፣ መጀመሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ብሎኑ ዝጎ ይጣበቃል፣ መስታወቱን ልታወጡ ስትሞክሩ የብሎኑ ጭንቅላት ይላጣል፣ በቃ ያ መብራት ከዛ በኋላ አይከፈትም። መፍትሄው ርካሽ ነው፣ ገና አዲስ እያለ ሁሉንም ብሎን አውጥታችሁ በማይዝግ ብረት ብሎን ቀይሩት፣ ጥርሱ ላይ ትንሽ ቫዝሊን ቀቡት። ቫዝሊን ግን ለብሎን ብቻ ነው፣ ውሃ እንዳይገባ መጋጠሚያው ላይ ያለው የጎማ ጎሚኒ ላይ አትቀቡ፣ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠውና ያላላዋል፣ ለሱ የሲሊኮን ቅባት ነው የሚሆነው።

ላሜራ ፋኖስ እዚሁ አገር ብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል፣ እኔ በጣም የምወደው መንገድ ነው፣ ምክንያቱም በቤታችሁ ልክ ነው የሚሠራላችሁ፣ ሲበላሽም የሠራው ሰውዬ አለ። ግን የብየዳው መጋጠሚያ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ተፍቆ ፀረ ዝገት ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት፣ ውስጡም ጭምር፣ ብዙ ሰው ውጪውን ብቻ ያስቀባና ዝገቱ ከውስጥ ጀምሮ ይመጣል። ከታች ትንሽ ቀዳዳ እንዲበሳለት ንገሩት፣ የገባ ውሃ የሚወጣበት። ሠራተኛው "ውሃ እንዳይገባ እያልክ ለምን ትበሳዋለህ" ሊላችሁ ይችላል፣ ግን ውሃ መግባቱ አይቀርም፣ ከላይ ባይገባ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መስታወቱ ውስጥ ጤዛ ይሆናል፣ ዋናው መውጫ ማግኘቱ ነው።

ናስና መዳብ ዋጋቸው ከበድ ይላል፣ ዕድሜያቸው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ቀለማቸው እየጠቆረ ይሄዳል፣ እኔ እንደዛ ሲሆን ነው ከጥድ ጋር የሚያምርብኝ፣ ማብረቅ የሚወድ ደሞ ሎሚና ጨው ይበቃዋል፣ አሽቶ በውሃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ። ላዩ ላይ ቫርኒሽ ያለው ናስ ከሆነ ግን በሎሚ አትሹት፣ ዥጉርጉር ይሆናል። ፕላስቲኩን ብዙ አላወራም፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ በዚህ ከፍታ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ነን እኮ፣ በአጭር ጊዜ ያነጣዋል ያደርቀዋል፣ በረዶ ሲወርድበት ይሰነጠቃል።

መስታወቱ ጠፍጣፋ ይሁን። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። የተጠማዘዘ ወይ አበባ የወጣለት መስታወት ከተሰበረ ተመሳሳዩን አታገኙም፣ ጠፍጣፋ 3 ሚሊ መስታወት ግን የትም ሰፈር ያለ መስታወት ቆራጭ እዛው ቆሞ ይቆርጥላችኋል። እሱም በሲሊኮን የተጣበቀ ሳይሆን በቀጭን ላሜራ ቁልፍ የተያዘ ቢሆን ይመረጣል።

ከዛ ካርቶኑ ላይ አይፒ የሚል ፊደልና ሁለት ቁጥር አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ስለ አቧራ ነው፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ። በረንዳ ጣራ ስር ለሚሰቀል 44 ይበቃል፣ ማለትም ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ ይችላል። የግቢ በር ምሰሶ ላይ ወይ ጣራ በሌለው ግድግዳ ላይ ለሚውል ግን 65 ፈልጉ። ሻጮች ሁሌም ቁጥሩ ከፍ ያለውን ነው የሚያወድሱት፣ እኔ ግን ጣራ ስር 65 አያስፈልግም እላለሁ፣ በጣም የታሸገ ቀፎ ውስጥ ኤልኢዲ ሙቀቱን ማስወጣት ስለሚያቅተው ዕድሜው ያጥራል፣ ብዙዎቹም አምፖላቸው ከቀፎው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ሲቃጠል ሙሉውን መጣል ነው። መደበኛ ኢ27 ሆልደር፣ አምፖሉ ተጠምዝዞ የሚገባበት ማለቴ ነው፣ ያለው ይሁን፣ አምፖሉ የትም ሱቅ ይገኛል። አምፖሉ ላይ ደሞ ከ85 እስከ 265 ቮልት የሚል ካለ እሱን ውሰዱ፣ የኛ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚያመጣውን መዋዠቅ የተሻለ ይችላል።

ስለ ገጠማው በጣም በቁም ነገር ነው የማወራው ምክንያቱም ጭቃ ቤት ላይ እሳት ቀልድ አይደለም። ጥር 2007 ላይ ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የተነሳውን እሳት የፒያሳ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፣ የድሮ እንጨት አንዴ ከተያያዘ እንዴት እንደሚነድ ያኔ አይተናል። የብዙ አሮጌ ቤት ኮርኒስ ደሞ አቡጀዲ ነው፣ ወይ አቡጀዲው ላይ ቀለም የተቀባ፣ ከሱ በላይ ያለውን ሽቦ ለብዙ ዓመት ማንም አላየውም። አዲስ ፋኖስ ከዛ ከአሮጌው ሽቦ ላይ በናስትሮ ጠምዝዞ መቀጠል በፍፁም አይሆንም። የሰፈራችን ኤሌክትሪሽያን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የኛን ሊሠሩ ሲመጡ መጀመሪያ ኮርኒሱ ውስጥ ገብተው አዩና "ልጄ፣ መብራቱን በኋላ እናየዋለን፣ መጀመሪያ መስመሩን ከቆጣሪው እንሳብ" አሉኝ። ትክክል ነበሩ። ለመብራቱ የራሱ መስመር፣ 1.5 ካሬ ሽቦ፣ ኮንዲዩት (የሽቦ ቱቦ) ውስጥ፣ የራሱ 10 አምፔር ብሬከር፣ ከተቻለም 30 ሚሊ አምፔር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ የሚቆርጠው ዓይነት ብሬከር ይጨመርበት። ቀፎው ብረት ከሆነ ግራውንድ ሽቦው፣ አረንጓዴና ቢጫው፣ ቀፎው ላይ መታሰር አለበት። እርጥብ እጅ የነካው ብረት ፋኖስ ግራውንድ ከሌለው ሰው ይገድላል፣ ይሄን "ምን ችግር አለው" ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ጭቃ ግድግዳ ፊሸር አይዝም። ለጊዜው የያዘ ይመስላል፣ ንፋስ ሲወዘውዘው ግን ጭዱንና ጭቃውን እየፈረፈረ ይወጣል። ስለዚ ወይ የበረንዳው ቋሚ ላይ ወይ ደሞ ከግድግዳው ውስጥ ካለው ማገር ጋር በተያያዘ ጣውላ ላይ ነው የሚታሰረው። እኛ ከቋሚው ጋር ተመሳሳይ ቀለም ያለው ጣውላ መሃል አስገባን፣ መብራቱ ቢቀየር እንኳን ዋናው እንጨት በየጊዜው አይበሳም። ሽቦው ወደ ፋኖሱ ሲገባ ከታች በኩል ይሁን፣ ከመግባቱ በፊትም ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፣ በሽቦው ላይ የሚወርደው ዝናብ እጥፋቱ ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ጀርባው ላይ ሲሊኮን ስትቀቡ ከላይና ከሁለቱ ጎን ብቻ፣ ታቹን ክፍት ተዉት።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደሞ አንድ ብሎን ከመምታታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ 209/1992 ያለ ፈቃድ ጥገና ማድረግን አይፈቅድም። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያላችሁም መስመር ከመቀየራችሁ በፊት ወረዳውን አነጋግሩ።

ብዙ ሰው ቤት የአያት ፋኖስ አለ፣ ያ በነጭ ጋዝ የሚሠራው፣ እሱን በረንዳ ላይ ማዋል የሚፈልግ አለ፣ እኔም እደግፋለሁ። በሁለቱ ጎን ያሉት ቱቦዎች ለጌጥ አይደሉም፣ አየር ከላይ ተቀብለው ወደ ክሩ የሚያወርዱ ናቸው፣ ንፋስ ሲመጣ እሳቱ ቶሎ የማይጠፋው ለዛ ነው። ይሄን ፋኖስ 220 ቮልት አስገብቶ ኤሌክትሪክ ማድረግ ግን አልመክርም፣ ላሜራው ስስ ነው፣ ግራውንድ ለማሰርም አይመችም። ይልቅ ብርጭቆው ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ቢጫ ኤልኢዲ አስገቡ፣ ፋኖሱ ምንም ሳይበሳ ይቆያል፣ መብራት ሲሄድም ያገለግላል። ጋዝ ማጠራቀሚያውን መጀመሪያ ባዶ አድርጉና በሙቅ ውሃና በሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ሽታው እስኪጠፋ፣ ጋዝ የሸተተ ማጠራቀሚያ አጠገብ ብየዳ ወይ ድሪል አይቀርብም። ብርጭቆው የተሰበረ ወይ ክዳኑ የጠፋ ከሆነ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውረዱ፣ እዛ ከጣሳ ኩራዝ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው ያሉት፣ የሳሳ ላሜራ እንዴት እንደሚያዝ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በእውነተኛ ጋዝ ማብራት የሚፈልግ ሰው ከጣራውና ከእንጨቱ ያርቀው፣ እያቃጠለ ትቶት አይተኛ።

ስለ ሶላሩ በአጭሩ፣ ለበጋ ጥሩ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ደመና ሆኖ ማታ አንድ ሁለት ሰዓት አብርቶ ይጠፋል፣ በጣም የሚያስፈልጋችሁ ደሞ ያኔ ነው። ለአትክልቱ ጥግ ይሁን፣ ለበሩ አይሁን። ሲመሽ በራሱ የሚበራ ሲነጋ የሚጠፋ ሴንሰር ግን በጣም እመክራለሁ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ውስጥ ነው ፀሐይዋ የምትጠልቀው፣ ስለዚ ሴንሰር ባይኖር እንኳን ቀላል ሰዓት ቆጣሪ አንዴ ተሞልቶ ይበቃል። ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ 5 ዋቱ በወር 1.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው የሚበላው፣ የድሮው 60 ዋት አምፖል ግን 21.6 ይበላ ነበር። ቆጣሪ ለሚጋራ ግቢ ይሄን ሂሳብ ለጎረቤት ማሳየት ጥሩ ነው፣ "የሱ በረንዳ ነው ቢሉን የሚያበዛው" የሚለው ወሬ እዛው ያልቃል።

እንክብካቤው ከባድ አይደለም፣ ወቅቱን ማወቅ ብቻ ነው። ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ብሬከሩን አጥፍታችሁ በቴስተር ካረጋገጣችሁ በኋላ ሙሉውን ክፈቱ። መስታወቱን አውጥታችሁ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ ውስጡን በደረቅ ብሩሽ፣ ከታች ያለችውን ቀዳዳ በሽቦ ጫፍ ክፈቷት፣ አፈርና የነፍሳት ክንፍ ነው የሚደፍናት። ጎሚኒውን በጣት ጫኑት፣ ካልተመለሰ ደርቋል ማለት ነው ይቀየር። ሆልደሩ ውስጥ አረንጓዴ ወይ ጥቁር ነገር ካያችሁ አትፋቁት፣ ሆልደሩን ቀይሩት፣ ርካሽ ነው። ክረምቱ መሃል ላይ መክፈት አያስፈልግም፣ በረዶ ከጣለ በኋላ ብቻ መስታወቱን እዩ፣ የተሰነጠቀ ካለ በዚያው ሳምንት ይቀየር። መስቀል ካለፈ በኋላ ሁለተኛው ትልቁ ፅዳት ነው፣ ያኔ ዝገት የጀመረውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ፀረ ዝገትና ቀለም ታስነካላችሁ፣ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ በደንብ ይይዛል። ከዛ እስከ ሚያዝያ የሚቀረው አቧራ ነው፣ ከውጪ በደረቅ ጨርቅ፣ ለገናና ለጥምቀት ቤት ሲፀዳ አብሮ ይፀዳል። በነገራችን ላይ ግድግዳ ቀለም ሲቀባ ፋኖሱን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ መስታወት ላይ የደረቀ ቀለም በምላጭ ሲፋቅ ነው አብዛኛው መስታወት የሚጫረው።

መጠባበቂያም ያዙ። አንድ ትርፍ መስታወት በልኩ አስቆርጣችሁ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ሁለት አምፖል ቁጥሩ ተመሳሳይ የሆነ፣ ጥቂት የማይዝግ ብሎን፣ ጎሚኒ። አንድ ካርቶን ውስጥ፣ ላዩ ላይ የመስታወቱ ልክ በሴንቲሜትር ተፅፎ፣ እናንተ በሌላችሁበትም ቤት ያለ ሰው አውጥቶ ለሠራተኛ መስጠት እንዲችል።